ሦስት መቶ በየክዳኑ

«የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ስትመጣ፣ ብስኩቱን ያበላሸችውን ልጅ አባርሬያታለሁ እላታለሁ። በቃ፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል።»

ልጄ ይህን ሲል የሰማሁት የታጠቡ ጨርቆች ታቅፌ ከጓሮ ስገባ ነው። ዳቦ ቤታችንንና መኖሪያችንን የሚለያቸው አንድ የጣውላ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ወዲያ ያለው ሰው ሲያስነጥስ ወዲህ ያለው «ይማርህ» ይለዋል። ምራቴ ትሪ ስታነሳ፣ ትሪ ስታስቀምጥ ይሰማኛል። ቆይታ «እናትህስ?» አለችው። «እናቴ ምን ታደርጋለች? ታለቅሳለች፣ ከዚያ ይወጣላታል» አላት። እኔ እንግዲህ ጨርቆቹን እንደታቀፍኩ ቆሜ ቀረሁ። ውሃው ሽርጤን አልፎ ሆዴ ዘንድ ደረሰ። ብርድ ሊመታሽ ነው አንቺ ሴትዮ፣ ገና ወገብሽ ሳይሻልሽ፣ ብዬ ራሴን ተቆጣሁ፤ ግን እግሬ አልነቃነቅ አለኝ። ማልቀሱንማ አላለቀስኩም። ልጄ አርባውን ያለፈ ሰው ሆኖ እናቱን እንደማያውቃት ያን ጊዜ ገባኝ።

ያበላሸች የተባለችው የልጅ ልጄ ናት፤ የሟች ሴት ልጄ ልጅ። ሰፈሩ ጭራሮ ይላታል፣ ከቅጥነቷ የተነሳ። የማበላት ምግብ የት እንደሚገባ እግዜር ይወቀው፤ ትሳላለች ብዬ አንገቷን እጠመጥማለሁ፣ ውጪ ስትወጣ ትፈታዋለች። ወደ አጎቷ፣ ወደ ልጄ ቤት ከመጣች ወዲህ ከእኛ ጋር ሊጥ ታቦካለች፣ ማታ ማታ ትምህርቷን ትማራለች። አባቷ ሌላ ትዳር ይዟል፤ እዚያ ቤት ለእሷ የሚነጠፍ ፍራሽ የለም፣ ቢነጠፍም የሚነጠፈው ከፊት መኮሳተር ጋር ነው። ከዚህ ቤት ተባራ ብትሄድ ደግሞ ሌላ ዳቦ ቤት አይወስዳትም። የዚህ ከተማ ዳቦ ጋጋሪዎች ተፈላልገው የሚተዋወቁ ናቸው፤ እርሾ አቅራቢው ከእርሾው ጋር ወሬውንም ያደርሳል። «ያች የትምህርት ቤቱን ትእዛዝ ያበላሸችው» ትባላለች። ሰው ስሙ ከጠፋ በኋላ ፈልጎ አያገኘውም።

ነገሩ የመጣው ከሚዛኑ ነው፤ ሚዛኑ ግን ጥፋት አልነበረበትም። የትምህርት ቤቱ የምግብ ኃላፊ ብስኩታችንን በየሳምንቱ ትወስዳለች፤ ልጆች በዕረፍት ሰዓት ይበሉታል። አንድ ሳምንት ወፈረ፣ አንድ ሳምንት ሳሳ ብላ አጉረመረመች። እውነቷን ነው። እኛ እኮ የምንሰፍረው እጀታው በወለቀ አሮጌ ኩባያ ነበር፤ እኔ ስሰፍር አንድ ዓይነት ነው፣ ምራቴ ስትሰፍር ሌላ ነው፣ ጭራሮ ስትቸኩል ደግሞ ሦስተኛ ነው። ልጄ «ከእንግዲህ በኩባያ የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም በግራም» አለና መስታወት የመሰለ ጠፍጣፋ ሚዛን ገዝቶ መጣ። አዲስ ዕቃ ሲገዛ እንደ ልጅ ነው የሚሆነው፣ ማታ በጨርቅ ሸፍኖት ነው የሚተኛ። እኔ ያን ሳምንት ወገቤ ይዞኝ አልጋ ላይ ነበርኩ፤ ሁሉንም በግድግዳው አሻግሬ ሰማሁት። ኩባያውን ወደ ግራም መመለስ ነበረበት። ዱቄቱን ቢሰፍረው ይቦናል፣ ስኳሩ ይቆለላል፣ አጃው አየር ይይዛል። ስለዚህ «ውሃ ነው የሚሻለው፣ ውሃ ራሱን ያስተካክላል፣ ለማንም አያዳላም» ሲል ሰማሁት። ኩባያውን እስከ አፉ ውሃ ሞላ፣ የኩባያውን ክብደት ቀነሰ፣ ሦስት መቶ ግራም ሆነለት። ከዚያ በወፍራም ማርከር ዱቄት ጣሳው ክዳን ላይ ሦስት መቶ፣ ስኳር ጣሳው ክዳን ላይ ሦስት መቶ፣ አጃውም ላይ፣ የወተት ዱቄቱም ላይ ሦስት መቶ ብሎ ጻፈ። አንድ ኩባያ ሲባል ሦስት መቶ፣ ሁለት ሲባል ስድስት መቶ። እያፏጨ ነበር የሚጽፈው።

እኔ አልጋ ላይ ስለሆንኩ ብስኩቱን የሠራችው ጭራሮ ናት። የወጣውን ነገር ብስኩት ለማለት አፍ አይደፍርም። ጠረጴዛ ላይ ሲጥሉት የሚያሳዝነው ጠረጴዛው ነው። አንድ መምህር ነክሶ መንጋጋውን እንደያዘ ከክፍል ወጣ ተባለ፤ ልጆቹ ደግሞ በረንዳው ላይ እንደ ጠጠር ተጫወቱበት። ኃላፊዋ ትናንት ስልክ ደውላ፣ ነገ ከቀትር በፊት እመጣለሁ፣ ምን እንደሆነ ትነግሩኛላችሁ፣ ካልሆነ ሌላ ዳቦ ቤት ሞልቷል አለች። ዛሬ ነው እንግዲህ የምትመጣው።

ጨርቆቹን ገመድ ላይ ጣል ጣል አድርጌ ወደ ኋላ ክፍል ሄድኩ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ በአንድ በኩል ምድጃው፣ በሌላው በኩል የብረት ጠረጴዛው፣ መሀል ላይ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያልፈው ሆዱን ስቦ ነው። ጭራሮ ዕቃ ማጠቢያው ላይ አጎንብሳ ትሪ ትፈትጋለች። ንጹሕ ትሪ። ቀና አላለችም። ጣቶቿ ቀልተዋል፤ ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ስንቴ ለብ አድርጊው ብያታለሁ።

«አያቴ፣ ምናልባት ዱቄቱን ሁለት ጊዜ ጨምሬው ይሆን?»

«ማን አለሽ?»

«ማንም አላለኝም። ጋሼ ቆጥረሽ ነበር ወይ አለኝ፣ ቆጥሬያለሁ አልኩት። እርግጠኛ ነሽ ወይ አለኝ። ሦስቴ ሲጠይቀኝ ግን እኔም ጠፋኝ።»

«ሊጡ ሲደርቅ አላየሽም እንዴ?»

«አየሁ እንጂ። ነገርኩት እኮ። ‹ሚዛን አይዋሽም፣ ዝም ብለሽ ሥሪ› አለኝ።»

አንድን ሰው ያላጠፋውን አጠፋሁ እንዲል ማድረግ ከማባረርም ይከፋል፤ የተባረረ ሰው ቢያንስ መበደሉን ያውቃል። በይ እጅሽን ጥረጊ አልኳት። ኩባያውን ከመደርደሪያው ሥር፣ ከተጣለበት አወጣሁት፤ ሚዛኑ ላይ አስቀምጬ ዜሮውን እንድትጫን ነገርኳት፣ እኔ ቁልፉን እፈራዋለሁ። ዱቄቱን እንደ ወትሮዬ ሰፈርኩ። መቶ ስልሳ አምስት። ይሄን ያህል ያንሳል አላልኩም ነበር። ገልብጬ ደግሜ ሰፈርኩ፤ ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ መታ ሳደርገው ዱቄቱ ረገጥ አለ፤ መቶ ሰማንያ። ሦስተኛውን እሷ ሰፈረች፤ መቶ ሃምሳ ምናምን። ወይ ጉድ፣ እኔም አላውቅ ኖሯል፣ ምን ብዬ ልናገር ነው አልኩ። ጭራሮ ግን ቀስ በቀስ ፊቷ ይፈታ ጀመር። «ተይ አትጨነቂ። ለዚህ እኮ ነው ሚዛን የሚሻለው፤ ጋሼ እዚህ ላይ ልክ ነው። ግን እይው፣ የትኛውም ሦስት መቶ አጠገብ አልደረሰም» አለችኝ። ስኳሩን ሰፈረች፤ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት። አጃው ደግሞ ከዱቄቱም ቀለለ። «ውሃው ነዋ» አለች፣ ለራሷ እንደምትነግር። «ኩባያው አንድ ነው፣ የሚገባበት ነገር ግን ክብደቱ ለየቅል ነው። ዱቄቱን እጥፍ ሊሆን ምንም ያልቀረው አድርጌ ነው የጨመርኩት።» ከዚያ ፈገግ አለች። «ሁለት ጊዜ ጨምሬዋለሁ ስል ብዙም አልተሳሳትኩም» ብላ ሳቀች፤ ከሳምንት ወዲህ ስትስቅ ማየቴ ነው፣ ሳቋን ሳል አቋረጠው።

ምራቴ ገብታ በሩ ላይ ቆማለች። መቼ እንደመጣች አላየንም። ሚዛኑን አየች፣ ኩባያውን አየች፣ ከዚያ እጇ ላይ ያለውን ዱቄት በሽርጧ መጥረግ ጀመረች፤ እጇ ላይ ዱቄት አልነበረም። ሃያ ዓመት አብረን ስንኖር በዚህች ሴትና በእኔ መካከል የተባለው ነገር ባልተባለው አይደርስም። «እማማ፣ ይተዉት» አለችኝ። «ያውቃል።»

«ምኑን?»

«ይሄንኑ። ትናንት እሱም ሰፍሮ አይቶታል። ክዳኑን ይገልብጡት።»

የዱቄቱን ክዳን ወደ ብርሃኑ ይዤ አዘነበልኩት። ሦስት መቶው በእርጥብ ጨርቅ ተፍቆ ሥሩ ብቻ ጥላ መስሎ ቀርቷል። ቦታው ላይ ገና ምንም አልተጻፈም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ልጄ ተሳስቷል ብዬ ነበር፤ ብነግረው ግንባሩን መትቶ ይስቃል ብዬ ነበር። ለካ አውቆ ኖሯል። አውቆ፣ ፍቆ፣ ከዚያ ነው ልጅቷን ሦስቴ «እርግጠኛ ነሽ ወይ» ያላት። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ፤ ይህን ተረት የሰማ ሁሉ ስለ ሌላ ሰው እናት የተባለ ይመስለዋል።

ልጄ ሱቁ ውስጥ ሆኖ የባንኮኒውን መስታወት ይወለውላል። ኃላፊዋ ስለምትመጣ ነጭ ሸሚዙን ለብሷል። በሩን ዘጋሁና ቀስ ብዬ ጀመርኩ፤ እኔ ጭቅጭቅ ስፈራ ድምፄ ይቀጥናል። ነገሩ እንዴት እንደሆነ አውቄያለሁ፣ ማንም ሰው ይሳሳታል፣ ተሳስቻለሁ በልና ይለቅ አልኩት። ጨርቁን አጥፎ አጥፎ ትንሽዬ አደረገው። «እማዬ፣ አንቺ ንግድ አታውቂም። የዳቦ ቤቱ ባለቤት መስፈር አይችልም ከተባለ ማን ትእዛዝ ይሰጠኛል? እሷ ልጅ ናት። ልጅ አበላሸ ቢባል ማንም አይገርመው። ለጥቂት ወር አባቷ ጋ ትቆይ፣ ነገሩ ሲበርድ እኔው ራሴ አመጣታለሁ።» አባቷ ጋ ምን እንደሚጠብቃት ታውቃለህ አልኩት። ዝም። ትምህርቷስ አልኩት። ዝም። ይህን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ አባቱም ነበረው፣ ሰው በዝምታው ላይ ጭንቅላቱን ገጭቶ እስኪመለስ ይጠብቃል። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው» አልኩት። «እንዲህ አይባልም፣ እማዬ» አለኝ፤ አልተቆጣም፣ እንደ ሕመምተኛ ክንዴን ደገፍ አድርጎ ወደ ኋላ ክፍል መለሰኝ። «አንቺ ወገብሽን አሳርፊ።»

ወገቤን ላሳርፍ ተቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። የምተኛበት አልጋ በእሱ ጣሪያ ሥር ነው፤ መድኃኒቴን የሚገዛው እሱ ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ ከልጄ ተጣልቼ ወዴት ልሂድ? እህቴ ቤት ደረጃው ብዙ ነው፣ ጉልበቴ አይችለውም። ይህን ሁሉ አወጣሁ አወረድኩ። ጭራሮን አየኋት፤ ትሪዎቹን እየደረደረች፣ ሽርጧን ፈትታ አጥፋ ምድጃው አጠገብ አስቀመጠችው። በሥርዓት ነው ያጠፈችው፣ ጠርዝ ከጠርዝ ገጥማ። ማንም ሂጂ ሳይላት ልትሄድ ተዘጋጅታለች።

የሱቁ በር ተከፈተ፤ የኃላፊዋን ጫማ ከድምፁ አወቅሁት። ሰላምታም ሳታበዛ ከቦርሳዋ አንዱን ብስኩት አውጥታ መስታወቱን አንኳኳችበት፤ ኳ፣ ኳ። «ይህን ለልጆች መስጠት ትቼ ለግንበኞች ልስጠው?» አለች። ልጄ ሳቀላት፤ የደንበኛ ሳቁ ነው፣ ከጥርሱ ወደ ውስጥ አይገባም። «እጅግ ይቅርታ። የሠራችው አዲስ ልጅ ናት፣ አልተጠነቀቀችም። ዛሬውኑ...»

ተነሳሁ። ጭራሮ «አያቴ» ብላ እጄን ያዘችኝ፣ አስለቀቅኳት። የዱቄቱን ክዳን፣ የስኳሩን፣ የአጃውን፣ የወተቱን ሰብስቤ ታቅፌ ወጣሁና ሁሉንም መስታወቱ ላይ አኖርኳቸው። ተንኳኩ። ድምፄ ቀጥኗል፤ ይቅጠን አልኩ በልቤ፣ ቃሉ እስከወጣ ድረስ።

«ልጅቷ አላበላሸችም» አልኳት። «ያበላሸው ልጄ ነው። በኩባያ የምንሰፍረውን በሚዛን ሲያደርግ ሁሉንም በውሃ ክብደት ቆጠረው። ዱቄቱ በዛ። ልጅቷ ሊጡ ደረቀ ብላ ነግራው ነበር፣ አልሰማትም።»

«እማዬ ደክሟታል» አለ ልጄ ለኃላፊዋ። «ሰሞኑን ታማለች።»

«ወገቤን ነው የታመምኩት። ጆሮዬ ደህና ነው፤ ጠዋት ያልከውንም ሰምቻለሁ። ስህተቱ ነውር አልነበረም። ስህተትህን ለአንዲት እናት ለሌላት ልጅ ማሸከምህ ነው ነውሩ። እሷ በዚህ ምክንያት ከዚህ በር ከወጣች እኔም አልጋዬን ተሸክሜ እወጣለሁ፤ አልጋው ከባድ ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ያግዘኛል፣ ለምን እንደምሄድም ይጠይቀኛል።»

ከኋላዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ምራቴ ናት። «እውነታቸውን ነው» አለች። ሦስት ቃል ብትጨምር የሚሻል ነበር፣ ግን ከሃያ ዓመት ዝምታ ያንን ያህል መቁረስም ቀላል አይደለም።

ኃላፊዋ ክዳኖቹን አየች፣ እኔን አየች፣ ብስኩቷን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። የቤተሰብ ጉዳይ ውስጥ የገባ ሰው ፊት ነበራት፣ ቶሎ መውጣት የፈለገ። «የማን ጥፋት እንደሆነ ለእኔ ምኔም አይደለም» አለች። «ጥፋቱ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እዚህ ቤት ካለ ይበቃኛል። አለ?»

«አለች» አልኳት፣ ወደ ጭራሮ አመልክቼ።

«እንግዲያው ሐሙስ ጠዋት አምጡልኝ። ጥርስ የሚገባው ይሁን።» ወጣች። ሌላ ዳቦ ቤት ሞልቷል የሚለውን አልደገመችም፤ አልጠፋኝም።

ልጄ ጆሮዎቹ ቀልተዋል፤ ትንሽ ሳለም እንዲሁ ነበር፣ ሲጣላ መጀመሪያ የሚቀላው ጆሮው ነው። «አዋረድሽኝ» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ዛሬ ምሳውን አይበላም፣ ጨጓራው ይነሳበታል ብዬ አሰብኩ። ያሰብኩትን ግን አልተናገርኩም። «እንዳሻህ ጥራው» አልኩት፣ ክዳኖቹን ሰብስቤ ታቀፍኩና ወደ ኋላ ክፍል ገባሁ። ጭራሮን «ሽርጥሽን ልበሺ» አልኳት። ለበሰች። ምራቴ ምድጃውን ለኮሰች። እኔ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ክዳኖቹን ጭኔ ላይ አደረግኳቸው።

ብዙም ሳይቆይ መጣ። ማርከሩን በእጁ ይዟል። ማንንም አላየም፤ ሚዛኑ ወዳለበት ጠረጴዛ ሄዶ ቆመና፣ ለግድግዳው እንደሚናገር ሰው፣ «ዱቄቱ ስንት ሆነ?» አለ።

ጭራሮ አፏን ከፈተች። የምትለው አላት፤ ሦስቱንም ቁጥር፣ አማካዩንም ታውቃለች። ደግ ልጅ ናት፣ ወዲያው ልትነግረው ነው። እጄን ክንዷ ላይ አኖርኩ።

«ቆይ» አልኩት ልጄን። «መጀመሪያ የበተንከውን ልቀም። እርግጠኛ ነሽ ወይ ያልካትን። አልተጠነቀቀችም ያልካትን። ፊቷን አይተህ።»

«እማዬ፣ ምድጃው እየጋለ ነው።»

«ይጋል።»

«ክዳኑን ስጪኝ፣ ልጻፍበት።»

አልሰጠሁትም። ጭኔ ላይ አጥብቄ ያዝኩት። ምራቴ ምድጃውን ትታ ቀና ብላለች። ልጄ ማርከሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ። በከንፈሩ አንድ ነገር አጉረመረመ፣ ወደ ወለሉ።

«እኔ አልሰማሁም» አልኩት። «እሷም አልሰማችም።»

በዚህ መሀል የሱቁ በር ተከፈተ፤ አንድ ሰው ገብቶ ዳቦ አለ ወይ እያለ ይጣራል። የልጄ ፊት መውጫ እንዳገኘ ሰው በራ። «እማዬ፣ ሰው ገባ» አለኝ፣ እግሩን ሊያነሳ።

«ደግ» አልኩት። «እሱም ይስማ።»

ዳቦ ፈላጊው በኋላው ክፍል በር አንገቱን አስግጎ አራታችንንም አየን። ልጄ ማርከሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወደ ልጅቷ ዞረ።